ኤምዴቭ የሚባል ዕቃ አላችሁ?

የአይቲ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ኢንተርኔት ከጠዋት ጀምሮ ሄድ መለስ ይላል። ሥራ አስኪያጁ ጠርተው "ችግሩን እስከ 8 ሰዓት በጽሑፍ ስጠኝ" አሉኝ።

ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ፒንግ አስነሣሁ። ማይክ ሙስ የሚባል አሜሪካዊ በ1983 የጻፈው ፕሮግራም ነው። ወደ ሌላ ኮምፒውተር መልእክት ይልካል፣ ደርሶ እስኪመለስ ስንት ሚሊሰከንድ እንደፈጀ ይነግርሃል። መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር ደረደረልኝ። ትንሹ 38፣ አማካዩ 190፣ ትልቁ 912። እስከዚህ ሰላም ነን። አራተኛው "ኤምዴቭ" 265 ይላል። ማብራሪያ የለ፣ ምን የለ።

ሊኑክስ ላይ "ዴቭ" የሚባለው ፎልደር የመሣሪያዎች ነው። "ኤም" ደግሞ ሞደም መሆን አለበት። በራሴ ኮራሁ። "ኤምዴቩ 265 ስለደረሰ በአዲስ ቢተካ" ብዬ ፈረምኩ። ሥራ አስኪያጁም "ለግዢ ክፍል፣ ይፈጸም" ብለው መሩት።

በነጋታው የግዢው ሰውዬ መርካቶን ዞሮ ፕሮፎርማ ይዞ መጣ። ሁለቱ ሱቆች ዋጋ ሞልተዋል! ሦስተኛው "ኦርጅናሉ አልቋል፣ የቻይናው አለ" ብሎታል።

"ባለ 265 ይሁን ወይስ ከፍ ያለ?" አለኝ።

ላብ አጠመቀኝ። ያኔ ነው ማንዋሉን የከፈትኩት። (አዎ፣ ያኔ።) ኤምዴቭ ዕቃ አይደለም። የመልእክቶቹ ጊዜ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ የሚለካ ቁጥር ነው። ስሙ አማካይ ልይይት (ሚን ዴቪዬሽን) የሚል ይመስላል፣ የሚሰላው ግን መደበኛ ልይይት (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን) ነው፤ ያቺ ስታቲስቲክስ ስማር በስንት መከራ በ"ሲ" ውጤት ያለፍኳት። የአፕል ኮምፒውተር፣ ማክ ላይ በትክክለኛ ስሟ ትጠራለች። ሊኑክስ ላይ የቤት ስሟ ሌላ፣ የመታወቂያ ስሟ ሌላ። እኔ በምን ልወቅ?

የሚያዋዥቀው ሒሳብ ክፍል ተገኘ። አንዷ ተከታታይ ድራማ ከነሙሉ ክፍሉ እያወረደች ነበር። ለምኜ አስቆምኳት። 265 የነበረው 4 ሆነ።

ግዢውን ለማሰረዝ ደግሞ ምክንያት በደብዳቤ ተባልኩ። ብዙ አሰብኩና "ኤምዴቩ ስለተጠገነ" ብዬ ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ መሀል "መለዋወጫ ሳይገዛ!" እያሉ አስጨበጨቡልኝ።

ትናንት ከመርካቶ ተደወለ። ኦርጅናሉ ገብቷል።