የሰሜን ኮከብ ከጎረቤት ጣሪያ ጀርባ ሲሆን

ደሴ፣ ጓሯችን ውስጥ ሆኜ አንድሮሜዳ ጋላክሲን ፎቶ ላነሳ ስሞክር ሦስት ሌሊት በከንቱ አለፈ። ጋላክሲዋ ጠፍታኝ አይደለም። ኅዳር ላይ ሰማዩ ሲጠራ፣ ዓይን ጨለማ ከለመደ፣ እንደ ስስ ጉም ሆና በባዶ ዓይን ትታያለች። ያስቸገረኝ የሰሜን ኮከብ ነው።

ምድር ስለምትዞር ኮከቦች ይሸሻሉ። የቴሌስኮፑ መቆሚያ በሞተር ይከተላቸዋል። በትክክል እንዲከተል ግን የሚሽከረከርበት ዘንግ ወደ ሰማዩ ሰሜን ዋልታ፣ ማለትም ኮከቦቹ ሲዞሩበት ወደሚታየው ነጥብ፣ መዞር አለበት። የሰሜን ኮከብ ያለው እዚያ ነጥብ አጠገብ ነው። ያየኋቸው ቪዲዮዎች ሁሉ «የሰሜን ኮከብን አይታችሁ አስተካክሉ» ይላሉ። እኛ ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ደሴ ላይ ኮከቡ ከአድማስ ከፍ የሚለው 11 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ጓሯችን ውስጥ እሱንም የጎረቤት ጣሪያ ጋርዶታል። ዘንጉን ያን ያህል ዝቅ ሳደርገው ደግሞ የሚዛኑ ብረት ከመቆሚያው እግር ጋር ተጋጨ። በግምት አቁሜ 30 ሰከንድ አነሳሁ። ኮከቦቹ እንደ ሩዝ ፍሬ ረዝመው ወጡ።

ኮከቡን የግድ ማየት እንደማያስፈልግ የገባኝ በአራተኛው ሌሊት ነው። ከአናቴ ትንሽ ወደ ደቡብ ያለ ኮከብ መረጥኩና አምስት ደቂቃ ዓይኔን ሳልነቅል ተከታተልኩት። ወደ ደቡብ ከሸሸ ዘንጉ ወደ ምሥራቅ አብዝቷል፤ ወደ ሰሜን ከሸሸ ወደ ምዕራብ። ቀጥሎ በምሥራቅ በኩል ዝቅ ያለ ኮከብ ይዤ የዘንጉን ከፍታ አስተካከልኩ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ የመቆሚያው እግሮች ያረፉበትን ሲሚንቶ በቀለም ምልክት አደረግሁበት። አሁን አሥር ደቂቃ ይበቃኛል።

የጎረቤታችን የበረንዳ አምፖል ብርሃንም ያስቸግረኝ ነበር፤ እንዲያጠፉልኝ ለመጠየቅ ግን አፈርኩ። በመጨረሻ ስነግራቸው «አብሽር ልጄ፣ አጠፋልሃለሁ» አሉኝ። ቶሎ ብጠይቅ ኖሮ!

120 ፎቶ፣ እያንዳንዱ 30 ሰከንድ፣ በጠቅላላው አንድ ሰዓት። የቴሌስኮፑን አፍ ከድኜ 20 ጥቁር ፎቶ ጨመርኩ፤ ካሜራው ራሱ የሚፈጥረውን ነጠብጣብ ለመቀነስ ይረዳሉ። ሁሉንም በነፃ ፕሮግራም ደራረብኳቸው። ጋላክሲዋ ሰማይ ላይ የሙሉ ጨረቃን ስድስት እጥፍ ያህል ስለምትረዝም የትኩረት ርቀቱ 650 ሚሊሜትር በሆነው ቴሌስኮፔ ሙሉዋን አልገባችም። ዳርና ዳሯ ተቆረጠ። ግን መሐሏን የሚዞረው ጥቁር የአቧራ መስመር ጥርት ብሎ ወጣ። ቁጭ ብዬ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም።

ጠዋት ቡና ላይ ለእማዬ አሳየኋት። ብርሃኑ ከዚያ ከተነሳ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነው ነገርኳት። በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ እንደሆነችም ነገርኳት። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችና «ታዲያ የእኛው ልጅ ናታ!» አለች።