ለጡረተኛ የሚሰጥ የኢንሹራንስ ገንዘብ፦ ካሹን ለምን እምቢ አልኩ?

65 ዓመት ሲሞላኝ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ከኢንሹራንሱ አስወጣኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በምትኩ ለጤና ኢንሹራንስ መግዣ በወር 250 ዶላር እንደሚሰጠኝ ጻፈልኝ። ምርጫው ሁለት ነበር፦ ገንዘቡን ከጡረታዬ ጋር በካሽ መቀበል፣ ወይም ኤች አር ኤ የሚባል ሒሳብ ውስጥ ተቀምጦልኝ የከፈልኩትን በማስረጃ ማስመለስ። ወረቀቱ ካሹን «ቀላሉ መንገድ» ይለዋል። ታክስ እንዳለበት የጻፉት ግን ከታች፣ በመነጽር እንኳ በማይነበብ ፊደል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በካሽ የሚመጣው ገንዘብ ስሙ የጤና ቢሆንም ለአሜሪካ ታክስ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት፣ ለአይ አር ኤስ፣ ገቢ ነው። ኢንሹራንስ ግዙበት፣ የፋሲካ በግ ግዙበት፣ ጠያቂ የለም፤ ስለዚህ ታክስ ይከፈልበታል። በኤች አር ኤ በኩል በማስረጃ የተመለሰላችሁ ግን ታክስ የለበትም።

ታክስ የሚሠራልኝ ልጅ አልተዋጠለትም። «ጋሼ፣ ምን ልፋት ውስጥ ይገባሉ? ካሹን ይውሰዱ፣ የኢንሹራንሱን ክፍያ ታክስ ከሚከፈልበት ገቢዎ ላይ እናስቀንሳለን» አለኝ። ለእኔ ቢጤ ይህ ወሬ ነው። የሚቀነሰው ከገቢያችሁ 7.5 በመቶ በላይ የሆነው የሕክምና ወጪ ብቻ ነው። ገቢያችሁ 50,000 ዶላር ከሆነ የመጀመሪያው 3,750 አይቆጠርም። እሱም ወጪያችሁን በዝርዝር ካስገባችሁ ነው፤ የቤቱን ዕዳ ለጨረሰ ጡረተኛ ግን ብዙውን ጊዜ ስታንዳርድ ዲዳክሽኑ፣ ማለትም ያለ ዝርዝር ለሁሉም የሚቀነሰው መደበኛ መጠን፣ ይበልጣል።

በዚያ ላይ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ የመንግሥቱ ጡረታ፣ አለ። ሌላው ገቢ ሲጨምር ታክስ የሚነካው የሶሻል ሴኩሪቲ ድርሻም አብሮ ይጨምራል፣ እስከ 85 በመቶ ድረስ። ለባልና ሚስት የሶሻል ሴኩሪቲው ግማሽና ሌላው ገቢ ተደምሮ 32,000 ዶላር ካለፈ ይጀምራል። ይህ ቁጥር በፈረንጆቹ ከ1984 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። እዚህ መሃል የገባ ሰው አንድ ዶላር ካሽ ሲቀበል እስከ 1.85 ዶላር ገቢ ሊቆጠርበት ይችላል። በዓመት 3,000 ዶላር ላይ በ12 በመቶ 360 የሚመስለው ታክስ እስከ 666 ይደርሳል። የስቴቱና የካውንቲው ሳይጨመር።

ስለዚህ ኤች አር ኤውን መረጥኩ። ፎርሙን መሙላት ምንም አልነበረም። መከራው የመጣው የመጀመሪያውን ገንዘብ ላስመልስ ስል ነው። የሜዲኬር፣ የመንግሥቱ የአረጋውያን ጤና ኢንሹራንስ፣ የሐኪም ሕክምና የሚሸፍነው ክፍል (ፓርት ቢ) ክፍያ፣ በ2025 በወር 185 ዶላር፣ ከሶሻል ሴኩሪቲዬ ላይ ተቆርጦ ነው የሚቀረው። ደረሰኝ የለውም። ሒሳቡን የሚያስተዳድረው ድርጅት ደግሞ ደረሰኝ አምጣ አለኝ። የባንክ ስቴትመንት ላክሁ። «የገባውን እንጂ የተቆረጠውን አያሳይም» ተባልኩ። የሜዲኬር ካርዴን ላክሁ። «ካርድ ክፍያ አይደለም።» ሶሻል ሴኩሪቲ በዓመቱ መጨረሻ የሚልከውን ደብዳቤ ላክሁ፤ ተቀናሹ 185 ተብሎ ፊት ለፊት ተጽፏል። «ይህ ይቆረጣል ነው የሚለው፣ ተቆርጧል አይልም» አለችኝ ስደውል ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ። የአሜሪካ መንግሥት ይቆረጣል ካለ ማን ሊያስቀረው ነው? አለቃሽን አገናኚኝ ስላት ሙዚቃ ተከፈተልኝ፣ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። በሌላ ቀን ስልኩን ያነሳው ሰውዬማ ጭራሽ «ካሹን ቢመርጡ ይሻልዎ ነበር» ብሎ መከረኝ። ደሜ ፈላ።

በመጨረሻ የሠራልኝ ከሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ፣ ከራሴ አካውንት ያወረድኩት የማረጋገጫ ደብዳቤ ነው። ሙሉው ክፍያ፣ የሜዲኬር ተቀናሹና እጄ የሚገባው ገንዘብ ሁሉም አለበት። ከባንክ ስቴትመንቱ ጋር አያይዤ፣ ሁለቱም ላይ ያለውን አንድ ዓይነት ቁጥር በቢጫ ቀለም አስምሬ ላክሁ። ያለ አንድ ጥያቄ ተቀበሉት።

መመሪያቸው «ጥያቄ ካለ ይደውሉ» ይላል። አትደውሉ። በጽሑፍ ላኩ፣ እምቢ ካሉም ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጧችሁ። ገንዘቡ በየወሩ በራሱ እንዲመለስ ጠይቁ፤ በፈረንጆቹ ጥር አዲሱን ደብዳቤ ካልላካችሁ ግን በአሮጌው ቁጥር ሊከፍሏችሁ ይችላሉ። በ2024 ክፍያው 174.70 ነበር። የተመለሰላችሁን ደግሞ ታክስ ላይ እንደ ወጪ አታስገቡ፣ ሁለቴ አይበላም። ገቢያችሁ አንሶ ጭራሹኑ ታክስ የማትከፍሉ ከሆነ ካሹን ውሰዱ፤ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ አያስፈልጋችሁም።