ጥቁር ፊኛ በድሬ ፀሐይ

ዛሬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ የአምስት ዓመት ልጅ ልደት ነበረን። ዲኮሩ በሙሉ ባቡር። አያትየው ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ሐሳቡም የእሳቸው ነው። "ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ባይደርስ ድሬ የት ትገኝ ነበር?" ይላሉ።

ካርቶን ቆርጠን አራት ፉርጎ ሠራን። በሩ ላይ "ለገሃር" ብለን ጻፍን። እስከዚህ ሰላም ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ፊኛው መፈንዳት ጀመረ። አንዱ ጧ! ሌላው ጧ! ጥፋቱ የኔ ነው። እዚሁ ተወልጄ አድጌ ጥቁር ፊኛ ፀሐይ ላይ አስራለሁ? የኬኩ ክሬምም ወደ አንድ ጎን መንሸራተት ያዘ። በባጃጅ በረዶ አስመጥቼ ከሥሩ ደረደርኩ። ትርፌም አብሮ ቀለጠ።

አያትየው ግን የድሮ ፊሽካቸውን ይዘው ብቅ አሉ። አንዴ ሲነፉት ልጆቹ ወገብ ለወገብ ተያይዘው ፉርጎ ሆኑ። ግቢውን ስንቴ እንደዞሩት እንጃ። ኬኩን ማን ያየዋል?

እናትየው ስትሸኘኝ "ለሐምሌ ምረቃ አለብን፣ አቦ አንቺው ያዢልን" አለችኝ።

ማታ ከሆነ እሺ አልኳት።