ትንፋሽን ማርዘም፦ በኮራል ሪፍ ላይ የተማርሁባቸው አሥር ቀናት

ወደ ደሴቲቱ ስንሄድ የጓደኞቼ ዕቅድ ረጅም ነበር፤ ካያክ መቅዘፍ፣ በሰሌዳ ሞገድ መጋለብ፣ አሸዋ ላይ መረብ ኳስ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የጀልባ ሽርሽር። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ አስቤ ሄድሁ፤ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ አድርጌ በኮራል ሪፍ (ኮራል የሚባሉ የባሕር ፍጥረታት በገነቡት አለታማ ወለል) ላይ መንሳፈፍና ከሥር ያለውን ማየት። መዋኘት አውቃለሁ፤ የማውቀው ግን ወለሉ በሚታይ፣ ጠርዙ በሚጨበጥ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ነው። በየቀኑ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁና ምን እንደገጠመኝ በደብተር ስመዘግብ ነበር። ከዚያ ውስጥ ለጀማሪ ይጠቅማል ያልሁትን እነሆ።

የመጀመሪያው ቀን መዝገብ «አንድ ደቂቃ» ይላል። ውሃው እስከ ወገቤ ብቻ ነበር፤ ቆሜ ነው ፊቴን የነከርሁት። ቱቦው አየር እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ፤ ደረቴ ግን አላመነም። በአጭር በአጭሩ ስስብ ጭራሽ አየር ያጠረኝ መሰለኝና ቀና አልሁ። ምክንያቱን የተረዳሁት ማታ ነው። ቱቦው ውስጥ ምንጊዜም ቀድመን ያስወጣነው አየር ይቀራል። ትንፋሻችን አጭር ከሆነ ያንኑ ያገለገለ አየር መላልሰን እንስበዋለን፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማቻል፤ የመታፈኑ ስሜትም ይብሳል። መድኃኒቱ አየር ለመሳብ መታገል ሳይሆን ያለውን እስከ መጨረሻው ማስወጣት ነው። በማግስቱ እስከ ሦስት እየቆጠርሁ ሳብሁ፣ እስከ ስድስት እየቆጠርሁ አስወጣሁ። ሰባት ደቂቃ ቆየሁ። ከዚያ በኋላ የተማርሁት ሁሉ የተሠራው በዚህ ቆጠራ ላይ ነው።

ስለ መነጽሩ ደግሞ ልንገራችሁ፤ ሁለት ቀን ያባከነብኝ እርሱ ነው። የተከራየሁት መነጽር ውሃ ያስገባ ነበር፤ እኔም ባስገባ ቁጥር ማሰሪያውን አጠብቃለሁ። ማጥበቅ ግን የጎማውን ጠርዝ ስለሚያጣምመው ነገሩን ያባብሰዋል። ትክክለኛው ፍተሻ ቀላል ነው፤ ማሰሪያውን ሳታጠልቁ መነጽሩን ፊታችሁ ላይ አድርጉና በአፍንጫችሁ በቀስታ አየር ሳቡ። እጃችሁን ስትለቁ ካልወደቀ ልካችሁ ነው። በጠርዙ ሥር አንዲት የፀጉር ዘለላ እንኳ ብትገባ ውሃ መንገድ ያገኛል። መስታወቱን ለሚሸፍነው ጉም ደግሞ ምራቅ ቀብቶ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃል። አዲስ መነጽር ከሆነ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣ ስስ ቅባት አለ፤ እርሱን አስቀድሞ በጥርስ ሳሙና ፈትጎ ማስለቀቅ ያስፈልጋል።

ጀርባዬ በሁለተኛው ቀን ተቃጠለ። ውሃው ስለሚያቀዘቅዝ ፀሐይዋ አትሰማም። ከዚያ ወዲያ እጀ ረጅም የመዋኛ ሸሚዝ ለብሼ ነው የገባሁት፤ ሸሚዙ የክሬም ፍጆታንም ይቀንሳል። ኦክሲቤንዞን የተባለው ንጥረ ነገር ያለባቸውን የፀሐይ መከላከያ ክሬሞች የፓስፊክ ደሴት አገር የሆነችው ፓላው ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ሃዋይ ደግሞ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮራልን ይጎዳሉ በሚል እንዳይሸጡ ከልክለዋል። ክሬም ስትገዙ ማሸጊያውን አንብቡ።

ሦስተኛውና አራተኛው ቀን የልምምድ ቀናት ነበሩ፤ ቱቦው ውስጥ የገባን ውሃ በአንድ ኃይለኛ ትንፋሽ ተፍቶ ማስወጣት፣ በእግር መቅዘፊያው ከጉልበት ሳይሆን ከዳሌ መቅዘፍ፣ እጅን ከጎን አሳርፎ መንሳፈፍ። 25 ደቂቃ ደረስሁ።

አምስተኛው ቀን የተለየ ነው። እስከዚያ ድረስ ሪፉን እንደ መንገድ ነበር የማየው፤ ከዚህ ጫፍ እዚያ ጫፍ እዋኛለሁ፣ ዓሦቹም ከፊቴ ይበተናሉ። የጀልባችን ነጂ አንድ ትልቅ የኮራል ጉብታ አሳየኝና «እዚህ ላይ ብቻ አሥር ደቂቃ ቆይ» አለኝ። ቆየሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ምንም አልነበረም። ከዚያ ጉብታው መኖር ጀመረ። አንዲት ሰማያዊ መስመር ያላት ትንሽ ዓሣ ከጥጓ ወጣች፤ ትልልቆቹ ዓሦች ተራ በተራ እየመጡ አፋቸውን ከፍተው ቆሙላት፤ እርሷም ገብታ ጥገኛ ነፍሳትን ለቀመችላቸው። ጽዳት የሚሰጥበት ቋሚ ቦታ መሆኑ ነው። ጎኑ ባለው አኒሞን (አበባ የሚመስል የባሕር እንስሳ) ውስጥ ብርቱካናማ ክላውንፊሾች ነበሩ። እነዚህ ዓሦች ሁሉም ሲፈለፈሉ ወንድ ናቸው፤ በአንድ ቤት ውስጥ ትልቋ ብቻ ሴት ትሆናለች፤ እርሷ ከሞተች ቀጣዩ ወንድ ወደ ሴትነት ይለወጣል።

ጆሮዬም ያን ቀን ተከፈተ። በሪፍ ላይ ዝምታ የለም። ዘይት ውስጥ የሚንጣጣ ነገር የሚመስል ድምፅ ከየአቅጣጫው ይሰማል፤ የጥቃቅን ሽሪምፖች መቆንጠጫ ሲፈነጠር የሚያሰማው ነው። ድምፅ በውሃ ውስጥ ከአየር ይልቅ ከአራት እጥፍ በላይ ስለሚፈጥን ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም። ከዚያ መሐል ቆርጠም ቆርጠም የሚል ሌላ ድምፅ ሰማሁ፤ በቀቀን ዓሣ ነበር፤ እንደ ወፍ መንቆር በተጋጠሙ ጥርሶቹ ኮራሉን እየነከሰ ላዩ ላይ ያለውን አልጌ (በውሃ ውስጥ የሚኖር ዕፅዋት መሰል ነገር) ይበላል። ያደቀቀውን ድንጋይ አሸዋ አድርጎ ያስወግደዋል። አንድ ትልቅ በቀቀን ዓሣ በዓመት የሚያወጣው አሸዋ በመቶ ኪሎ ግራም የሚቆጠር ሊሆን ይችላል፤ በብዙ ሞቃታማ ደሴቶች ላይ የምንጋደምበት ነጭ አሸዋም ብዙው ክፍል ከዚህ የተገኘ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ የባሕሩን ዳርቻ በሌላ ዓይን ነው የማየው።

ስድስተኛው ቀን ላይ ትልቅ ስሕተት ሠራሁ። ውሃው ሞልቶ ሳለ ገባሁና ጊዜውን ረስቼ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየሁ። ውሃው ሲጎድል አላስተዋልሁም። ልብ ስል ከሆዴ እስከ ኮራሉ ያለው ርቀት ሁለት ስንዝር አይሞላም ነበር። መቆም አይቻልም፤ የቆምሁበት ኮራል ይሰበራል፣ እግሬም ላይ እሾሃማ የባሕር ጃርት ወይም ድንጋይ መስሎ የሚተኛው መርዘኛው ስቶንፊሽ ሊወጋኝ ይችላል። በመነጽር ስናይ ነገሮች በሲሶ ያህል ገዝፈው፣ በሩብ ያህልም ቀርበው እንደሚታዩ አስታወስሁ፤ ይህ ትንሽ አረጋጋኝ። እጆቼን አጥፌ፣ ሳንባዬን በአየር ሞልቼ ከፍ ብዬ እየተንሳፈፍሁ፣ በጣቶቼ ጫፍ ብቻ እየቀዘፍሁ ጥልቁ ውሃ ድረስ ደረስሁ። ማታ ደብተሬን ሳገላብጥ ውሃው የሚሞላበት ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እንደሚዘገይ አየሁ፤ ጨረቃን ስለሚከተል ነው። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። ከዚያ ጀምሮ የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዡን ሳላይ አልገባሁም፤ የምገባውም ከሙላቱ አንድ ሰዓት ቀድሜ ነው። ስሄድ የውሃውን ፍሰት ተቃውሜ እዋኛለሁ፤ ስደክም እርሱ ራሱ ይመልሰኛል።

በሰባተኛው ቀን ከሪፉ ሰሜናዊ ጫፍ አንድ የነጣ ስፍራ አገኘሁ። ኮራል እንስሳ ነው፤ ቀለሙንና አብዛኛውን ምግቡን የሚሰጡት በሥጋው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ናቸው። ውሃው ከተለመደው የበጋ ከፍተኛ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ብቻ እንኳ ልቆ ለሳምንታት ከቆየ ኮራሉ አልጌዎቹን ያባርራቸዋል፤ ነጭ ሆኖም ይቀራል። ወዲያው አይሞትም፤ ሙቀቱ ቶሎ ከበረደ ያገግማል። በ2024 እ.ኤ.አ. አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መከሰቱ ተነግሮ ነበር፤ ያን ጊዜ ዜናውን አንብቤ አልፌዋለሁ። ፊት ለፊት ሲያዩት ሌላ ነው። ዓሦቹ እንደ ልማዳቸው በነጩ ላይ ይመላለሱ ነበር።

ስምንተኛው ቀን ላይ ትንፋሽ ይዞ ወደ ታች መውረድ ጀመርሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ከመጥለቃችሁ በፊት በፍጥነት ደጋግማችሁ አትተንፍሱ። ብዙ አየር የሚያከማች ይመስላል፤ እውነቱ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ማጠቡ ነው። «ተንፍስ» የሚለን የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት ስለሆነ፣ ማስጠንቀቂያው ሳይመጣ ራስን መሳት ይከተላል። ጎበዝ ዋናተኞች በጥልቀት በሌለው ውሃ የሞቱት በዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ብቻችሁን አትጥለቁ፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ላይ ሆኖ ይመልከት። እኔና ጓደኛዬ ይህን ሕግ አንድም ቀን አልጣስንም።

ዘጠነኛው ቀን አንዲት የባሕር ኤሊ ከሥሬ ሣር ስትግጥ አገኘኋት። አልተከተልኋትም፤ ባለሁበት ቆየሁ። ከብዙ ደቂቃ በኋላ ለመተንፈስ ወጣች፤ ከእኔ ሦስት ሜትር እንኳ አትርቅም። በአንድ ጊዜ አየሯን አስወጥታ፣ ስባ፣ ተመልሳ ወረደች።

የአሥረኛው ቀን መዝገብ፦ 52 ደቂቃ፣ ጥልቀት ሦስት ሜትር። ከዚያ በታች ያልወረድሁት በግራ ጆሮዬ ምክንያት ነው። አፍንጫዬን ቆንጥጬ በቀስታ ስገፋ ቀኙ ወዲያው ይከፈታል፤ ግራው ሁለት ሜትር ላይ መጫን ይጀምራል፤ ሦስት ላይ ያመኛል። ሲያም ገፍቶ መውረድ ታምቡርን ሊቀድ ስለሚችል ተመልሻለሁ። ከውሃው ሳልገባ አስቀድሞ ጆሮን ማስከፈትና ራስን ወደ ቀኝ ዘንበል ማድረግ ሞክሬ ጥቂት ረድቶኛል። ይህን ችግር ያለፋችሁ ካላችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ፤ በሚቀጥለው ጉዞ አምስት ሜትር ላይ ያለውን ዋሻ አፍ ማየት እፈልጋለሁ።