በሰሜን ቨርጂኒያ ሁለት መኪና ይዞ መኖር፦ የካውንቲውን ታክስ አስቀድሜ እንዴት አሰላሁት

ከሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ሰሜን ቨርጂኒያ ለመዛወር ከባለቤቴ ጋር ስንመክር በመጀመሪያ ያነጻጸርነው የቤት ኪራይን ነበር፤ ብዙም ሳንቆይ ግን የመኪናዎቻችን ወጪ ካልተጨመረበት ንጽጽሩ ጎዶሎ እንደሆነ ተረዳን። ሜሪላንድም ሆነች ዋሽንግተን ዲሲ ለግል አገልግሎት በሚውል መኪና ላይ በየዓመቱ በዋጋው ልክ የሚሰላ የንብረት ታክስ አያስከፍሉም። በቨርጂኒያ ግን ካውንቲዎች (በስቴቱ ሥር ያሉ የአካባቢ አስተዳደሮች) እና ከካውንቲ ውጭ ራሳቸውን ችለው የሚተዳደሩ ከተሞች መኪናን እንደ ማንኛውም ንብረት ቆጥረው በየዓመቱ ቢል ይልካሉ። እዚህ አካባቢ የምንኖር ሐበሾች በአጭሩ «የመኪና ታክስ» የምንለው ይኸንኑ ነው፤ አብዛኛውም ሰው ትዝ የሚለው ፖስታው ሲደርሰው ነው። እኔ በቀን የቢሮ ሥራ፣ በማታና በቅዳሜ እሑድ ደግሞ ኡበር ስለምሠራ መኪና ለቤተሰባችን የገቢ ምንጭም ጭምር ነው፤ ስለዚህ ሂሳቡን ሳልጨርስ የኪራይ ውል ላለመፈረም ወሰንኩ።

በመግዣው ጊዜ የሚከፈለውን ካየን ቨርጂኒያ ርካሽ ትመስላለች። የመኪና ሽያጭ ታክሷ 4.15 በመቶ ሲሆን፣ ሜሪላንድ በተዛወርንበት በ2023 እ.ኤ.አ. 6 በመቶ ታስከፍል ነበር፤ ከጁላይ 2025 ወዲህ ደግሞ 6.5 በመቶ አድርጋዋለች። ልዩነቱ ግን መኪናው በእጅ ሲቆይ ይገለበጣል። በዚያው በ2023 የአሌክሳንድሪያ ከተማ ከእያንዳንዱ 100 ዶላር የመኪና ዋጋ 5.33 ዶላር፣ አርሊንግተን 5 ዶላር፣ ፌርፋክስ ካውንቲ 4.57 ዶላር ያስከፍሉ ነበር። የባለቤቴ ራቭ ፎር ወደ 24,000 ዶላር፣ የእኔ አሮጌ ፕሪየስ ወደ 9,000 ዶላር ስለሚገመቱ፣ በድምሩ 33,000 ዶላር ላይ በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ መካከል ያለው ልዩነት፣ ኋላ ከማነሣው የስቴቱ ቅናሽ በፊት፣ በዓመት 250 ዶላር ያህል ነው። ይህ በአንድ መኝታ ቤት ኪራይ ውስጥ ጎልቶ የሚታይ ገንዘብ ስላልሆነ ሰፈር የመረጥነው በታክሱ ምክንያት አልነበረም።

ሆኖም የትኛው አስተዳደር ውስጥ እንደምንገባ በትክክል ማወቅ ያስፈልግ ነበር፤ በዚህ አካባቢ ደግሞ የፖስታ አድራሻ ያሳስታል። በሴሚናሪ ሮድ አካባቢ ያየነው አፓርታማ በእርግጥም በአሌክሳንድሪያ ከተማ ክልል ነው፤ ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ኪንግስታውን አካባቢ ያለው ግን አድራሻው «አሌክሳንድሪያ» እየተባለ የሚተዳደረው በፌርፋክስ ካውንቲ ነው። በመጨረሻ የተከራየንበት በሊስበርግ ፓይክ ዳር ያለው ስካይላይንም «ፎልስ ቸርች» ተብሎ ይጻፋል እንጂ ከፎልስ ቸርች ከተማ ጋር በአስተዳደር አይገናኝም፤ እርሱም የፌርፋክስ ነው። በዲኤምቪ (መኪና በሚመዘግበው የስቴቱ መሥሪያ ቤት) ቅጽ ላይ መኪናው በዋናነት የሚቆምበት ከተማ ወይም ካውንቲ ስለሚጠየቅ፣ የቤቱን ቁጥር በካውንቲው ካርታ ላይ አረጋግጬ «ፌርፋክስ ካውንቲ» ብዬ ሞላሁ። አንድ ጎረቤቴ በዘመዱ የሲልቨር ስፕሪንግ አድራሻ የሜሪላንድ ታርጋውን እንዳቆይ መክሮኝ ነበር። የቨርጂኒያ ነዋሪ የሆነ ሰው መኪናውን በ30 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ አለበት፤ ካውንቲውም ነዋሪ ሆነው የሌላ ስቴት ታርጋ በሚይዙ ሰዎች ላይ ተጨማሪ ክፍያ ይጥላል። ከዚህ ይልቅ ያስፈራኝ ግን ኢንሹራንሱ ነበር፤ መኪናው የሚያድርበትን ቦታ በሐሰት ያስመዘገበ ሰው አደጋ በደረሰበት ቀን ምን እንደሚባል መገመት አያዳግትም።

ከዚህ ቀጥሎ ስቴቱ በመኪና ታክስ ላይ የሚሰጠውን ቅናሽ ጉዳይ አጠናሁ። ጂም ጊልሞር በ1997 የቨርጂኒያ ገዥ ለመሆን የተወዳደሩት የመኪና ታክስን አስቀራለሁ ብለው ነበር፤ በ1998 የወጣው ሕግም ለግል አገልግሎት በሚውል መኪና የመጀመሪያ 20,000 ዶላር ዋጋ ላይ ያለውን ታክስ ስቴቱ ደረጃ በደረጃ እየተካ ጨርሶ እንዲያስቀረው ያለመ ነበር። አፈጻጸሙ በ2001 እ.ኤ.አ. 70 በመቶ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ስቴቱ ለዚህ የሚያወጣው ገንዘብ በዓመት 950 ሚሊዮን ዶላር ላይ ተወሰነ። ለእኔ የበጀት አያያዝ ትልቁ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ገንዘቡ በአንድ ቦታ ቆሞ መኪናውና ዋጋው ሲጨምር ለእያንዳንዱ ባለመኪና የሚደርሰው ቅናሽ በመቶኛ እየሳሳ ይሄዳል፤ መቶኛውንም እያንዳንዱ አስተዳደር በየዓመቱ ይወስናል። ስለዚህ ያለፈውን ዓመት ቅናሽ ይዞ የሚቀጥለውን ማቀድ አያዋጣም። እኔ ለእቅዴ 50 በመቶ ብዬ ያዝኩ፤ ከ20,000 ዶላር በላይ ያለው የመኪና ዋጋ ደግሞ ቅናሽ እንደማያገኝ አስቀምጬ አሰላሁ።

ኡበርና ሊፍት የሚሠራ ሰው በተለይ ማወቅ የሚገባው፣ ቅናሹ ለሥራ መኪና አለመሰጠቱን ነው። መኪናው በዓመቱ ከተነዳው ማይል ከግማሽ በላይ የሆነው በፌዴራል የገቢ ግብር ላይ እንደ ሥራ ወጪ ከተቀነሰ ካውንቲው የሥራ መኪና ይለዋል፤ የአገልግሎቱን መለወጥ ማሳወቅም የባለቤቱ ግዴታ ነው። እኔ ከዚህ ተነስቼ የትኛው መኪና ለሥራ፣ የትኛው ለቤት ይሁን የሚለውን በወረቀት ላይ አሰላሁት። አዲሱን ራቭ ፎር ለኡበር ብጠቀምበት ተሳፋሪው ይደሰታል፤ ግን 24,000 ዶላሩ በሙሉ ያለ ቅናሽ ሲታሰብ 1,096.80 ዶላር ይመጣል፤ ቤት የምትቀረው ፕሪየስ ከቅናሽ በኋላ 205.65 ዶላር ስለምትከፍል ድምሩ 1,302.45 ዶላር ነው። ሚናቸውን ብንቀይርስ? ፕሪየስ ያለ ቅናሽ 411.30 ዶላር ትከፍላለች፤ ራቭ ፎር ደግሞ በመጀመሪያው 20,000 ላይ 457 ዶላር፣ በቀሪው 4,000 ላይ 182.80 ዶላር፣ በጠቅላላው 639.80 ዶላር ይሆንበታል። ድምሩ 1,051.10 ዶላር ነው። በዓመት 250 ዶላር ያህል የሚቀረው አንድም ማይል ሳይቀነስ መኪና በመቀያየር ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ማይል በመቆለል ዋጋው በፍጥነት የሚወርደው ድሮም ርካሽ የነበረው መኪና ይሆናል። ፕሪየስ ኩባንያዎቹ በሞዴል ዓመት ላይ የሚያስቀምጡትን ገደብ እስካለፈች ድረስ የሥራ መኪና እርሷ እንድትሆን ተስማማን።

በዚህ ጉዳይ ከሌሎች ሾፌሮች ጋር ብዙ ተከራክሬአለሁ። የካውንቲውን ቅናሽ ላለማጣት ሲሉ የሥራ ማይላቸውን በግብር ማስታወቂያቸው ላይ አሳንሰው የሚያስመዘግቡ አሉ፤ ይህ ግን ትንሹን ለማትረፍ ትልቁን መጣል ነው። በ2024 የፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት አይ.አር.ኤስ. ለአንድ የሥራ ማይል 67 ሳንቲም እንዲቀነስ ይፈቅድ ነበር። በዓመት 20,000 የሥራ ማይል የነዳ ሰው 13,400 ዶላር ከገቢው ላይ ይቀንሳል፤ ይህም በራሱ ሥራ የሚተዳደር ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር በሚከፍለው 15.3 በመቶ ላይ ብቻ 1,890 ዶላር ያህል ያስቀርለታል፤ የገቢ ግብሩ ሳይቆጠር ማለት ነው። በእኔ ፕሪየስ የሚታጣው የካውንቲ ቅናሽ ግን 205 ዶላር ገደማ ነው። በሌላ በኩል ለአይ.አር.ኤስ. «የሥራ መኪና»፣ ለካውንቲው «የግል መኪና» ማለት ሐሰተኛ መግለጫ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ፣ በማይል የሚቀንስ ሾፌርም ቢሆን ለካውንቲው ከከፈለው የመኪና ታክስ ውስጥ የሥራውን ድርሻ በተጨማሪ መቀነስ መቻሉ ነው፤ የፓርኪንግና የመንገድ ክፍያም እንዲሁ። ታክስ የሚሠራልኝ ሰው ይህንን የጠየቀኝ ቢሉን ሳሳየው ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ የቢሉን ቅጂ ከማይል መዝገቡ ጋር አንድ ላይ አስቀምጣለሁ።

የመኪናው ግምት የሚወሰደው በጃንዋሪ 1 ባለው ዋጋ ሲሆን ካውንቲው የሚመለከተው የጄ.ዲ. ፓወርን የዋጋ መመሪያ ነው። መኪና ባረጀ ቁጥር ታክሱ ይወርዳል ተብሎ ይጠበቃል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። በኮቪድ ዘመን አዲስ መኪና ሲጠፋ ያገለገለ መኪና ዋጋው ስለናረ፣ በ2022 ብዙ ሰው አንድ ዓመት ባረጀ መኪና ከቀድሞው የበለጠ ሊጠየቅ ነበር፤ ፌርፋክስም በዚያ ዓመት ታክሱን ከመኪናው ዋጋ 85 በመቶ ላይ ብቻ እንዲሰላ አድርጎ ነበር። መመሪያው ለአንድ ሞዴል የሚያስቀምጠው ዋጋ የተለመደ ማይልን ታሳቢ ስለሚያደርግ፣ እንደ እኔ ፕሪየስ ብዙ የተነዳ መኪና ከእውነተኛ ዋጋው በላይ ሊገመት ይችላል። ለዚህ መፍትሔው ይግባኝ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ዘይት ስቀይር ደረሰኙ ላይ የማይሉ ቁጥር በግልጽ እንዲጻፍ አደርጋለሁ፤ የዓመታዊው ኢንስፔክሽን ወረቀትም ማይሉን ስለሚይዝ ሁለቱን አያይዤ ለካውንቲው የታክስ ቢሮ አቀረብኩ፤ ግምቱም ተሻሻለ። የተመለሰው ገንዘብ ትልቅ ባይሆንም፣ የሥራ መኪና ቅናሽ ስለሌለው እያንዳንዱ የወረደ ዶላር ሙሉ በሙሉ ይቆጠራል።

ቢሉ በፌርፋክስ የሚከፈለው እስከ ኦክቶበር 5 ነው። በእያንዳንዱ መኪና ላይ የሚጨመረውን የ33 ዶላር ዓመታዊ የምዝገባ ክፍያ ሳስገባ ጠቅላላው 1,117 ዶላር ያህል ስለሆነ፣ በየወሩ 93 ዶላር በተለየ ሂሳብ እናስቀምጣለን። ቀኑ ካለፈ 10 በመቶ ቅጣት ይጨመራል፤ ሳይከፈል ከዘገየም ካውንቲው በዲኤምቪ በኩል የምዝገባ እድሳቱን ማስቆም ይችላል፤ ለሾፌር ደግሞ የተቋረጠ ምዝገባ የተቋረጠ ገቢ ነው። መኪና ሲሸጥ ታርጋው ከባለቤቱ ጋር ስለሚቀር፣ ሽያጩን ለዲኤምቪና ለካውንቲው በየራሳቸው ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ፌርፋክስ ታክሱን በወራት ስለሚያካፍል ያልኖረበት ጊዜ ይቀነሳል።

ከታክሱ ውጭ ካሉት ወጪዎች ትልቁ ኢንሹራንስ ነው። ቨርጂኒያ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት የሚፈቅደውን አሮጌ ደንቧን በጁላይ 2024 አስቀርታለች፤ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ደግሞ ዝቅተኛው ሽፋን ለአንድ ተጎጂ 50,000፣ ለአንድ አደጋ 100,000፣ ለንብረት 25,000 ዶላር ሆኗል። አፑን ከፍተን ጥሪ በምንጠብቅበት ሰዓት ግን የግል ኢንሹራንስ በአብዛኛው ስለማይሸፍን የራይድሼር ተጨማሪ ሽፋን ገዛሁ። ፕሪየስ ነዳጅ ስለምትቆጥብ ደግሞ በምዝገባ ጊዜ የመንገድ አጠቃቀም ክፍያ ትጠየቃለች፤ በጋሎን 25 ማይልና ከዚያ በላይ የሚሄድ መኪና ሁሉ ይህ አለበት። ነዳጅ በመቆጠቤ የተቀጣሁ ቢመስለኝም፣ የነዳጅ ታክሱን ስላልከፈልኩ መሆኑን አስቤ ዝም ብያለሁ።

በቅርቡ ጓደኞቼ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና እየተሸጋገሩ ስለሆነ ያንኑ ሂሳብ ለእርሱም ሠርቼዋለሁ። 20,000 ዶላር የሚገመት ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ለሥራ ብገዛ፣ በ2023ቱ መጠን ታክሱ ያለ ቅናሽ 914 ዶላር ይሆናል፤ ከፕሪየስ በ502.70 ዶላር ይበልጣል፤ የመንገድ አጠቃቀም ክፍያውም አይቀርለትም። ፕሪየስ በጋሎን 50 ማይል ስትሄድ ለ20,000 ማይል የምትፈልገው 400 ጋሎን ብቻ ነው፤ ሕንጻችን ቻርጀር ስለሌለው በመንገድ ዳር ፈጣን ቻርጀር ከፍዬ የማተርፈው ከታክሱ ጭማሪ ላይ ብዙም አያልፍም፤ የመኪናው መግዣ ዋጋ ገና አልተነካም። ስለዚህ ፕሪየስን እስክትደክም መንዳቱን መርጫለሁ፤ የሕንጻው አስተዳደር በመኪና ማቆሚያው ቻርጀር ካስገባ ግን ሂሳቡን እንደገና እሠራዋለሁ።