ያገለገለ የፌርዌይ ማጨጃ ስትገዙ የቢላውን ሲሊንደር ለኩ

አምስት ማጨጃ ራስ ያለው፣ በናፍታ የሚሠራ፣ ብዙ ሰዓት ያገለገለ የፌርዌይ (የጎልፍ ሜዳ አጭር ሳር) ማጨጃ ማሽን ገዛሁ። ሻጩ «ቢላዎቹ ገና አሁን ነው የተሳሉት» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ተስለዋል። የአንዱ ራስ ቢላ ግን ተንጋዶ ነበር የተሳለው። ይህን ቀድሞ የሚነግረኝ ባገኝ ኖሮ የሁለት ወር ልፋት ይቀርልኝ ነበር።

ቀላሉን በአጭሩ ልጨርስ። ዘይትና ፊልትሮ ቀየርኩ። የተሰነጣጠቁትን የሃይድሮሊክ ቱቦዎች በሙሉ አወጣሁ። በቱቦ አትሰስቱ። ትኩስ የሃይድሮሊክ ዘይት የፈሰሰበት ሳር ይቃጠላል፤ ማሽኑ የሄደበት መንገድ በሙሉ ቡናማ መስመር ሆኖ ይቀራል። ፍሳሹን ስትፈልጉ ደግሞ በእጃችሁ አትዳስሱ፣ ካርቶን ተጠቀሙ። በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል።

ያሰቃየኝ አራተኛው ራስ ነው።

የሪል ማጨጃ እንደ መቀስ ነው የሚሠራው። ጠምዘዝ ያሉ ቢላዎች የተገጠሙበት ሲሊንደር ይሽከረከራል፣ ከታች አንድ ቀጥ ያለ ቢላ አለ፣ ሳሩ በሁለቱ መሀል ይቆረጣል። አራተኛው ራስ በግራ በኩል ጥሩ ይቆርጣል፣ በቀኝ በኩል ግን ሳሩን ይገነጥለዋል። በቀኝ በኩል የታችኛውን ቢላ ወደ ሲሊንደሩ አስጠግቼ አጠበቅኩ። ተስተካከለ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሶ መገንጠል ጀመረ። እንደገና አጠበቅኩ። አሁን ደግሞ ይጮህ ጀመር፣ የታችኛው ቢላ ግሎ እጅ የማያስነካ ሆነ።

አንድ ጥገና ቤት ጠየቅኩ። «ወደ ኋላ አሽከርክረህ በመሳያ ቅባት አሹለው፣ ይስተካከላል» አሉኝ። ሦስት ጊዜ አደረግኩት። ሦስቱንም ጊዜ ሳሩ በማግስቱ ጫፉ ነጭ ሆኖ አደረ።

በመጨረሻ ቀጭን የብረት ሜትር አምጥቼ የሲሊንደሩን ዙሪያ ለካሁ። ግራው 547 ሚሊ ሜትር፣ ቀኙ 541። በዲያሜትር ወደ 2 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ልዩነት ነው። የሚፈቀደው ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሲሊንደሩ ሲሊንደር መሆኑ ቀርቶ ወደ አንድ ጎን ሾጥጧል። የመሳያ ቅባት ደግሞ የደነዘዘ ጠርዝ ያድሳል እንጂ ቅርጽ አያቃናም። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ልኬት ነበር። ከመግዛቴ በፊት ስላላደረግኩት እስካሁን ይቆጨኛል።

ቁጭቴ በዚህ አላበቃም። አራተኛውን ራስ ፈትቼ የመሳያ ማሽን ወዳለው ስለት ቤት ላክሁት። ተስሎ መጣ፣ ገጠምኩት፣ ያው ነው። ለካ የቀኙ ኩሽኔታ ልል ነበር። ሲሊንደሩን በእጄ ወደ ላይና ወደ ታች ሳነቃንቀው ይሰማኛል። በልል ኩሽኔታ ላይ የተሳለ ሲሊንደር ቀጥ ብሎ አይወጣም። እኔ አላየሁትም፣ የስለት ቤቱ ሰዎች ግን ሥራቸው ነውና ማየት ነበረባቸው። ዝም ብለው ሳሉት፣ ዝም ብለው አስከፈሉኝ። ኩሽኔታውንና የዘይት መያዣ ጎማውን ቀይሬ እንደገና አሳልኩት። ያኔ ተስተካከለ።

የታችኛውንም ቢላ አብሬ ቀየርኩ። ብሎኖቹ ዝገው ስለነበር ሁለቱን በመሰርሰሪያ ነው ያወጣኋቸው። አዲስ ቢላ ከካርቶኑ ወጥቶ እንዲሁ አይገጠምም። መያዣው ብረት ላይ ከታሰረ በኋላ ፊቱ መሳል አለበት፤ ብሎኖቹ ሲጠብቁ ቢላው በመያዣው ቅርጽ ይጣመማልና።

የማሽኑ መመሪያ በቅባት ማሹልን እንደ መደበኛ እንክብካቤ ይቆጥረዋል። እኔ አልስማማም። የመጨረሻ ማለስለሻ ይሁን እንጂ የስለት ምትክ አይሁን። በየጊዜው የሚያሹል ሰው የቢላውን ጠርዝ እያሰፋው ነው፤ የሰፋ ጠርዝ ደግሞ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ካሾላችሁም ቅባቱን በረጅም እጀታ ብሩሽ ቀቡ፣ ሲያልቅ በውኃ አጥባችሁ አስወግዱት። የቀረው ቅባት ኩሽኔታ ውስጥ ከገባ ይበላዋል።

አሁን ሁልጊዜ ከሥራ በፊት ሞተሩን አጥፍቼ፣ ቁልፉን ነቅዬ፣ ወፍራም ጓንት አድርጌ ሲሊንደሩን በቀስታ አሽከረክራለሁ። ቀጭን የጋዜጣ ወረቀት በግራ፣ በመሀልና በቀኝ አስገባለሁ። በሦስቱም ቦታ እኩል፣ ሳይታጠፍ መቆረጥ አለበት። የአምስቱንም ራሶች ዙሪያ ለክቼ በነጭ ቀለም ክፈፋቸው ላይ ጽፌያለሁ። አራተኛው በስለት ብዛት ከሌሎቹ ቀጥኗል፤ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው፣ ምትኩን ከወዲሁ እየፈለግኩ ነው።