ያኦ ቢን ትዝ አለኝ

ዛሬ ቶሮንቶ ውስጥ በበረዶ መንሸራተቻ ሜዳ ዳር ቆሜ የእህቴን ልጅ ስጠብቃት ወደቀች፤ ልጆቹም ሳቁባት። አሰልጣኟ አላነሳቻትም። አጠገቧ ተንበርክካ፣ አንድ እግሯን አስቀድማ፣ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ ተጭና እንዴት እንደሚነሳ አሳየቻት።

ቻይናዊው የበረዶ ላይ ተንሸራታች ያኦ ቢንም ተስቆበታል። በ1980 እ.ኤ.አ. ጀርመን ዶርትሙንድ ላይ ከሉዋን ቦ ጋር፣ ወንድና ሴት አብረው በሚንሸራተቱበት የጥንዶች የዓለም ሻምፒዮና መጨረሻ ወጣ። አብዛኛውን የተማሩት ከፎቶግራፍ ነበር፤ ፎቶግራፍ ደግሞ አየር ላይ ያለችውን ሴት እንጂ እንዴት እዚያ እንደደረሰች አያሳይም!

ከዚያ አሰልጣኝ ሆነ። በ2010 የቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ ላይ ያሰለጠናቸው ሼን ሹዌና ዣኦ ሆንግቦ ወርቁን፣ ፓንግ ቺንግና ቶንግ ጂያን ብሩን ወሰዱ። የጥንዶች የኦሎምፒክ ወርቅ ከ1964 ጀምሮ ከሶቭየት፣ በኋላም ከሩሲያ ጥንዶች እጅ ወጥቶ አያውቅም ነበር። እነዚያ የዶርትሙንድ ተመልካቾች ይህን አይተው ይሆን?